በጉ የተከሰሰበት ከበሮ

ደብረ ታቦር፣ ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፈሪዳ ሐሰን
አዲስ አበባ

ይህን ደብዳቤ ቆመሽ ከሆነ የያዝሽው እባክሽ ተቀመጪ። አጠገብሽ ሰው ካለ እጅሽን ይያዝሽ። የቁጥር አራት ማይክ ስፖንጅ ጥር 26 ቀን ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ተኩል ላይ በድንገት ከዚህ ዓለም ተለይቷል። በግ በላው።

ሟች በባህል ባንዳችን ውስጥ ለሰባት ዓመታት በቅንነት ያገለገለ፣ የስንቱን ዘፋኝ ምራቅ ያለ አንዳች ቅሬታ የተቀበለ ስፖንጅ ነበር። ገዳዩ ከጉና የመጡ እንግዶች ለባንዱ የሸለሙት በግ ሲሆን፣ ከመድረኩ ጀርባ ታስሮ ሳለ በዕረፍት ሰዓት መሬት ያስቀመጥሁትን ማይክ አግኝቶ ወንጀሉን ፈጽሟል። እስካሁን የጸጸት ምልክት አላሳየም።

አሁን ወደ ሰላምታው። ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን፤ ብርዱ ብቻ ነው ያስቸገረን። አባትሽን ትናንት በሱቃቸው በራፍ ሳልፍ አየኋቸው። መኪናቸውን እየረገጡ ነበር፤ የስፌቱን ማለቴ ነው።

በአውቶቡሱ ሹፌር እጅ የላክሁልሽ ሃርድ ዲስክ የመርቆሬዎስ ማግስት በአዳራሹ የተጫወትነውን ሙሉ ዝግጅት ይዟል። በኢንተርኔት ልልክልሽ ሞክሬ ነበር። አንዱን ዜማ ለመጫን ሁለት ቀን ፈጀበት፤ በሦስተኛው ቀን እሱም እኔም ደከመን። ስምንት ማይክ፣ ስምንት ትራክ፣ ዘጠኝ ዜማ ነው። ድምፆቹን ማዋሐዱን፣ ሚክሱን፣ አንቺ እንድትሠሪው ኮሚቴው ወስኗል፤ ቅጂው ለፋሲካ ይወጣል።

ስለ አያ ጥላዬ ከበሮ አንድ ነገር ልበል። አንዳንድ ቦታ ላይ ከሌላው ባንድ ትንሽ ወደ ኋላ የቀረ ሊመስልሽ ይችላል። ከመሰለሽ ጥፋቱ የበጉ ነው። ቁጥር አራት የከበሮው ማይክ ነበር፤ ስፖንጁን የተነጠቀ ማይክ ምን እንደሚሆን አንቺ ታውቂያለሽ።

ይህን የምልሽ በምክንያት ነው። አቶ ባዩ፣ ኪቦርድ ተጫዋቻችን፣ ካለፈው ዓመት ወዲህ ደግሞ ሰብሳቢያችን፣ በስብሰባ ላይ እንዲህ ብሏል፦ “በዚህ ቅጂ ከበሮው ከዘገየ በኪቦርዴ ውስጥ ያለውን ከበሮ እንጠቀማለን። አያ ጥላዬን በክብር እናሳርፋቸዋለን።” በክብር ማሳረፍ ምን እንደሆነ ታውቂያለሽ። አንድ ጋቢ፣ አንድ የምስክር ወረቀት፣ ከዚያ በሩን ያሳዩሻል። ሠላሳ አንድ ዓመት ከበሮ ላነገተ ትከሻ ጋቢ ምኑም አይደል።

እናም እህቴ፣ ከበሮውን እንደምንም አድርጊው።

ወንድምሽ ይሻው
የድምፅ ባለሙያ፣ ሽቦ ቀጣይ፣ አልፎ አልፎም መጋረጃ ከፋች

ማሳሰቢያ፦ ሹፌሩን ዲስኩን ሞተሩ አጠገብ እንዳያስቀምጠው ብለምነው “አገሩ ብርድ ነው፤ ትንሽ ይሙቀው እንጂ” ብሎኛል።

❖

አዲስ አበባ፣ የካቲት 6 ቀን 2017 ዓ.ም.

ወንድሜ ይሻው፣

አሰላሙ ዓለይኩም። በስፖንጁ ሞት የተሰማኝን ሐዘን እገልጻለሁ። እዝን ይዤ ባለመምጣቴም ቅር ብሎኛል። ዲስኩ ደርሷል፤ ሞቆታል።

ሦስት ቀን ሙሉ ሰማሁት። እውነቱን ልንገርህ፣ እጅህ አድጓል። የማሲንቆው ጭራ ከጭራ ጋር ሲፋተግ ይሰማል። ዘፋኟ ከመጀመሯ በፊት የምትስባት ትንፋሽ እንኳ አለች። ግን ከበሮው!

ከበሮው ይዘገያል፣ ይሻው። ትንሽ ናት፤ አንድ ጥቅሻ ብትሆን ነው። የሚገርመኝ ሁልጊዜ እኩል መዘግየቱ ነው። የተሳሳተ ሰው አንዴ ይዘገያል፣ አንዴ ይቀድማል። ይኸኛው ግን የቢሮ ሠራተኛ ነው፤ በየቀኑ በዚያችው ደቂቃ ያረፍዳል። በሦስተኛው ዜማ ላይ ደግሞ አርባ ሰከንድ ያህል ባንዱን ትቶ ብቻውን ሌላ አገር ሄዶ ይመለሳል። እዚያ ላይ ምን ሆኖ ነው?

ሌላም ልጠይቅህ። በከበሮው ማይክ ውስጥ ከድምፅ ማጉያው፣ ከሞንታርቦው፣ የሚወጣው የኪቦርዱ ጩኸት ከራሱ ከከበሮው ጋር ይፎካከራል። ሞንታርቦውን የት ነው ያቆምከው?

በበጉ አላመንኩም። ስፖንጅ የሌለው ማይክ ትንፋሽና ንፋስ ያስገባል እንጂ ሰው አያዘገይም። አንተም ይህን ታውቃለህ። እንደምንም አድርጊው አትበለኝ። የአያ ጥላዬን የከበሮ ማንገቻ አባቴ በየዓመቱ ሲሰፋላቸው፣ እሳቸው በመቀሱ እጀታ ጠረጴዛውን እየመቱ የምት ቆጠራ ያስተማሩኝ እኔን ነው። ዛሬ እንጀራ የምበላበትን ነገር የሰጡኝ እሳቸው ናቸው። እውነቱን ንገረኝና የሚሠራውን ልሥራ።

ፈሪዳ

❖

ደብረ ታቦር፣ የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፈሪዳ፣

ለጤናሽ እንዴት ሰነበትሽ?

ስለ ሦስተኛው ዜማ ለጠየቅሽው፦ መብራት ጠፍቶ ነበር። አርባ ሰከንድ ያህል ነው። መብራት ሲጠፋ ሰው ይደናገጣል፤ ሰው ሲደናገጥ ከበሮም ይደናገጣል።

ስለ ሞንታርቦው ለጠየቅሽው፦ ደብዳቤው እየረዘመ ስለሆነ በሌላ ጊዜ እመለስበታለሁ።

ለምን አትደውልም ብትይኝ፦ የሚሠራው የቢሮው ስልክ ነው፤ እሱም ያለው በአቶ ባዩ ጠረጴዛ ላይ ነው። ደብዳቤ ይሻላል። ባዩ ከአንድ ገጽ ያለፈ ነገር አያነብም።

ሌላው ዜና፣ ወንጀለኛው በግ ለቅበላ እንዲታረድ ኮሚቴው በሙሉ ድምፅ ወስኗል። ይግባኝ የጠየቀለት የለም። እኔ ድምፄን ስሰጥ እጄ ትንሽ ከብዶኝ ነበር፤ ምክንያቱን አላወቅሁትም።

ይሻው

❖

አዲስ አበባ፣ የካቲት 16 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይሻው፣

መብራት ከጠፋ ኪቦርዱ በምን ጮኸ? በባዩ ቁጣ ነው የሚሠራው?

አንተ ካልነገርከኝ ብዬ ማይኮቹን ጠየቅኳቸው። ማይክ አይዋሽም፤ ይሉኝታም የለው። ስምንቱን አንድ በአንድ ለየብቻ ሰማሁ። ተወዛዋዧ ፈንታነሽ አንገቷ ላይ ያንን የብር ድሪ አድርጋ ነበር አይደል? ትከሻዋ በተነቀነቀ ቁጥር ድሪው ይንሿሿል፤ በየማይኩም ይገባል። መጀመሪያ ላጠፋው የምለፋበት ቆሻሻ ድምፅ መስሎኝ ነበር። በኋላ ልብ ስል ድሪው ሽው ይላል፣ ከዚያ ከበሮው ዱም ይላል። ሽው፣ ዱም። በዘጠኙም ዜማ ድሪውን ያልተከተለ አንድ ምት የለም።

በሦስተኛው ዜማ ላይ ድሪው ከመድረኩ ማይኮች ሁሉ ይጠፋል። አግኝቼዋለሁ፤ ቁጥር ስምንት ውስጥ ነው፤ ሕዝቡ ላይ ባቆምከው ማይክ። ፈንታነሽ ከመድረክ ወርዳ ነበር። አርባ ሰከንድ። ድሪዋ ወደ መድረኩ ሲመለስ ከበሮውም ይመለሳል።

አያ ጥላዬ አይሰሙም፣ አይደል? በዓይናቸው ነው የሚመቱት።

ከመቼ ጀምሮ ነው? ማን ያውቃል? የባሰው የትኛው ጆሯቸው ነው? ሞንታርቦውን የት ነው ያቆምከው? ይህ ሁለተኛዬ ነው።

ፈሪዳ

❖

ደብረ ታቦር፣ የካቲት 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

እህቴ፣

እውነት ነው።

ሁለት ዓመት ሆነው። ሐሙሲት አንድ ሠርግ ላይ ጀነሬተሩ ተነፈሰና ባንዱ ሁሉ አቆመ። አያ ጥላዬ ግን እንደ ልማዳቸው ዓይናቸውን ጨፍነው መምታታቸውን ቀጠሉ። ሠርገኛው የሚያደምቁለት መስሎት አጨበጨበላቸው። እኛም ሳቅን። ያልሳቀች ፈንታነሽ ብቻ ናት። ሄዳ ፊት ለፊታቸው ቆመችና ትከሻዋን አቆመች። ዓይናቸውን ሲገልጡ አዩዋት፤ እጃቸውም ቆመ።

ከዚያ ቀን ወዲህ ፈንታነሽ ከሳቸው ፊት ራቅ ብላ አትጨፍርም። እሳቸውም ዓይናቸውን ጨፍነው አያውቁም። ሁለቱ በዚህ ጉዳይ አንዲት ቃል ሲለዋወጡ የሰማ የለም። እኔ አውቄያለሁ፤ እንደማያውቅ ሆኜም ኖሬያለሁ። ለምን አልነገርከኝም ትይኛለሽ። የሰው ጆሮ መሞቱን በሹፌር እጅ መርዶ እልካለሁ እንዴ? እሳቸው ሳይናገሩት?

መድረክ ላይ የሆነው ይኸውልሽ። አንድ የተከበሩ እንግዳ (ስማቸውን አልጠቅስም፤ ወንበራቸው ከፊት ነበር፣ ባለ መደገፊያ) “ትውረድና ታጫውተን” አሉ። የተከበረ እንግዳ እንቢ አይባልም። ወረደች። ስትወርድ አንገቷ ወደ ኋላ እንደዞረ ነበር። አያ ጥላዬ ዓይናቸው እሷን ሲፈልግ እኔ ከሚክሰሩ ኋላ ሆኜ አየሁ። ሌላ ምን እንዳየሁ አትጠይቂኝ።

አሁን የምለምንሽ ያንን አርባ ሰከንድ ቁረጪው። ማንም እንዳይሰማው። ከቻልሽ ከበሮውንም ወደፊት ገፋ አድርጊው። ባዩ ግን ከዚህ የባሰ አምጥቷል። ከበሮው ጨርሶ ጠፍቶ በኪቦርዱ ከበሮ እንዲተካ የሚያዝ ደብዳቤ ጽፎ ማኅተም አድርጎበታል፤ አያይዤዋለሁ። ማኅተሙ ከጽሑፉ ይበልጣል። መጋቢት 1 ቀን ኮሚቴው ተሰብስቦ ሚክሱን ይሰማል፣ ይወስናልም። አያ ጥላዬም ተጠርተዋል።

ስለ ሞንታርቦው የጠየቅሽውን አይቼዋለሁ።

ይሻው

❖

አዲስ አበባ፣ የካቲት 26 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይሻው ወንድሜ፣

ረመዳን ገብቷል፤ የናንተም ሁዳዴ ገብቷል። ሁለታችንም ጾመኞች ነንና እንዋሽ ብንል እንኳ ጊዜው አይደለም።

ማኅተሙን ተቀብያለሁ። ለኮሚቴው እንዲህ በልልኝ። ታዝዣለሁ፤ ትራክ አራትን አጠፋሁት። አያ ጥላዬ ግን አልሄዱም። በማሲንቆው ማይክ ውስጥ አሉ። በክራሩ ማይክ ውስጥ አሉ። ዘፋኟ ትንፋሿን ስትስብ ከትንፋሿ ኋላ አሉ። አንተ እንደ ሠርግ ዳስ አጠጋግተህ ስላስቀመጥካቸው ሁሉም በሁሉም ማይክ ውስጥ ገብቷል። እዚህ የተማርንበት ቦታ ይህን ስሕተት ይሉታል። እሳቸውን ለማውጣት ባንዱን ሁሉ ማውጣት አለብኝ፤ የሚቀረው አቶ ባዩና ኪቦርዱ ነው። ለፋሲካ ይህን ካወጣን ሕዝቡ ጾሙን ይቀጥላል።

ወደፊት ልግፋቸው ብልም አልሆነም። ሁለት ጥላዬ ሆኑ፤ አንዱ በማይካቸው፣ አንዱ በሰው ማይክ።

ከዚያ ተስፋ ቆርጬ ሌላ ነገር ለማየት ኪቦርዱን ዝቅ አደረግኩት። ወላሂ ይሻው፣ ከወንበሬ ተነሳሁ። ባንዱ ሁሉ እኩል ሆነ። ማሲንቆው ከከበሮው ጋር ነው፣ ዘፋኟም ከከበሮው ጋር ናት። ለካ ሁሉም ሳያውቁት የሚያዩት የፈንታነሽን ትከሻ ነው። የሚቸኩለው ኪቦርዱ ብቻ ነበር። እኔም ከበሮው ዘገየ ያልኩት በኪቦርዱ ስለለካሁት ነው። ሦስት ቀን የለፋሁት ትክክለኛውን ሰው ለማረም ነበር። ይቅር ይበሉኝ።

አርባውን ሰከንድ ግን እንዳልከኝ ቆርጬዋለሁ። ስፌቱን ጭብጨባ አልብሼዋለሁ። የልብስ ሰፊ ልጅ ነኝ፤ የት ጋ እንደተሰፋ ማንም አያገኘውም።

ሞንታርቦውን ለሦስተኛ ጊዜ አልጠይቅህም።

ፈሪዳ

❖

ደብረ ታቦር፣ መጋቢት 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለፈሪዳ፣

ስፌትሽ ተገኝቷል።

ከተባለው ሰዓት ሁለት ሰዓት ዘግይቶ ስብሰባው እንደ ልማዱ “በሰዓቱ” ተጀመረ። ሞንታርቦውን ጠረጴዛ ላይ አቆምሁና ሚክስሽን ከፈትሁት። አንደኛው ዜማ አለቀ። ባዩ ቀና ብሎ “ይህ እኛ ነን?” አለ። ቀጥሎ “ኪቦርዱ ትንሽ አነሰ” አለ፤ ቃለ ጉባኤው ላይ “አስተያየት ተሰጥቷል” ተብሎ ሰፍሯል።

አያ ጥላዬ ከኋላ ተቀምጠው ነበር። ሁለተኛው ሊጀምር ሲል ተነሥተው መጡና ሁለቱን መዳፋቸውን ሞንታርቦው ላይ አሳረፉ። ዓይናቸውንም ጨፈኑ። ከሐሙሲት ወዲህ ዓይናቸውን ሲጨፍኑ ያየኋቸው ያን ዕለት ነው። ፈንታነሽ በመስኮት ወደ ውጭ ማየት ጀመረች።

ሦስተኛው ዜማ ላይ አንቺ የሰፋሽው ቦታ ደረሰ፤ አለፈም። እኔ በረጅሙ ተነፈስሁ። እሳቸው ዓይናቸውን ገለጡ።

“አቁመው” አሉኝ። አቆምሁት።

“እዚህ ላይ ጠፍቼ ነበር። የጠፋሁበትን ማን ወሰደው?”

ባዩ ወደ እኔ ጎንበስ ብሎ ድምፁን ቀንሶ “እንዴ፣ አይሰሙም እንዴ?” አለኝ።

አያ ጥላዬ አፉን አይተውታል። “አልሰማም” አሉት። “አንተን ለማወቅ ግን ጆሮ አያስፈልግም፤ የምትለው ሁልጊዜ አንድ ነው።”

ሁሉም ሳቀ፤ እየሳቀም አፈረ። እኔ በቃለ ጉባኤው ጀርባ “እንዳያፍሩ ብለን ነው የቆረጥነው” ብዬ ጽፌ ሰጠኋቸው። ራቅ አድርገው ይዘው አነበቡት። ከዚያ ለመጀመሪያ ጊዜ በሰው ፊት ስለሷ ተናገሩ።

“እዚያ ላይ እኮ ይቺ ልጅ ያን ትልቅ ሰውዬ ከነእጁ ትታው ተመልሳ መጥታልኛለች። መጥፋቴን ብቻ መስሏችሁ ነው? የመጣችበትን ነው የቆረጣችሁብኝ።” ወደ መስኮቱ ዞሩ። “አንቺ፣ ምን ታያለሽ እዚያ? መጣሽልኝ አይደል?”

ፈንታነሽ አልዞረችም። ጀርባዋን እንደሰጠችን ትከሻዋን አንዴ ነቀነቀች። ተረዷት።

ውሳኔው እንዲህ ይላል፦ “አንደኛ፣ ከበሮው ባለበት ይቀጥል። ሁለተኛ፣ ተወዛዋዥ ፈንታነሽ በጨዋታ መካከል ለማንኛውም የተከበረ እንግዳ ከመድረክ እንዳትወርድ።” ባዩ ፈርሟል፤ ማኅተሙንም አልረሳም። በጽሕፈት ቤታችን ታሪክ አንድ ሰው ከሌላው እንዳይርቅ በማኅተም ሲታዘዝ ይህ የመጀመሪያው ሳይሆን አይቀርም።

ነገሩ በሠርግ አለቀ ብዬ ግን አልዋሽሽም። ቀኝ ጆሯቸውም እየሄደ ነው። ሚክስሽን የሰሙት በመዳፋቸው ነው፤ ዘፋኟን አልሰሟትም፤ ማሲንቆውንም እንዲሁ። “ጥሩ ነው” ብለውሻል። የትኛውን እንዳሉ አልጠየቅኋቸውም።

ስለዚህ እባክሽ አርባውን ሰከንድ መልሺው። ጭብጨባሽንም ከላዩ አንሺው።

ሊወጡ ሲሉ ሞንታርቦውን እንደ በቅሎ ቸብ ቸብ አደረጉት። “ይሻው፣ ገመዱ አሁን ይደርስ ይሆን?” አሉኝ። እየሳቁ ነው ያሉኝ። እኔ ስብሰባው ከተበተነ በኋላ ገመዱን ስጠቀልል ቆየሁ፤ ምን ያህል ረጅም እንደሆነ ያን ዕለት ነው ልብ ያልሁት።

የጠየቅሽኝን ከዚህ በታች መልሻለሁ።

ወንድምሽ ይሻው

ማረሚያ

ጥር 29 ቀን 2017 ዓ.ም. በተጻፈ ደብዳቤ የአያ ጥላዬን ከበሮ በተመለከተ “ጥፋቱ የበጉ ነው” የተባለው፣ እንዲሁም የካቲት 11 ቀን 2017 ዓ.ም. በተጻፈ ደብዳቤ “መብራት ጠፍቶ ነበር” የተባለው ከእውነት የራቀ ሆኖ ተገኝቷል። መብራት አልጠፋም። በጉም አንድ ስፖንጅ ከመብላት ያለፈ ወንጀል አልፈጸመም፤ ፍርዱ በቅበላ ተፈጽሞበት የተበላ ቢሆንም ከቀረው ክስ ነፃ መሆኑ ይታወቅ።

ሞንታርቦው ላለፉት አሥራ አንድ ዓመታት የቆመው ከአያ ጥላዬ ግራ ጆሮ በአንድ ክንድ ርቀት ላይ ነው። ያቆመው የድምፅ ባለሙያው ነው። በመጀመሪያው ዓመት አያ ጥላዬ “ይህን ነገር ትንሽ ወዲያ አድርግልኝ፤ ጆሮዬን በላኝ” ብለው ሲያመለክቱ “ገመዱ አይደርስም” ተብሎ በቃል የተሰጣቸው መልስ ትክክል አልነበረም። ገመዱ ይደርስ ነበር።

ስለሆነም በመጀመሪያው ደብዳቤ ላይ “በጉ” የሚለው “እኔ” ተብሎ እንዲነበብ በትሕትና እጠይቃለሁ።